ሾልኮ ያለመውጣት ትምህርት

ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሸለቆው አፋፍ ላይ ከቆሙት የኪራይ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁላችንም «ስዊድኗ» የምንላት ሴት ነበረች። የጉለሌ ልጅ ናት። ስዊድን አገር ለብዙ ዓመታት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሠርታ በትዳር ምክንያት ወደ ቶሮንቶ የመጣች፣ ሃምሳውን የተሻገረች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ቀጭን ሴት። ቤቷ ውስጥ አራት አምስት ሕፃናት ትጠብቅ ነበር። የሰፈሩ አበሻ ልጁን እሷ ጋ ለማስገባት ወረፋ ይይዛል፤ ካስገባ በኋላ ደግሞ ያማታል። «ጎበዝ ናት፣ ግን ትንሽ ነካ ያደርጋታል» ይሏታል። ነካ ያደርጋታል የተባለው በአንድ ቃል ምክንያት ነው።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት በስልክ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። እኔ የአረጋውያን እንክብካቤ ኮርስ አግኝቼ ሴፕቴምበር ላይ ልጀምር ነው፤ ያ ካመለጠኝ ሌላ ዓመት መጠበቅ አለብኝ። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሴት፣ እዚህ መጥቼ ክረምት በመጣ ቁጥር መስኮት ሥር ተቀምጬ በረዶ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ያቺ ኮርስ ከቤት መውጫ በሬ ነበረች። ኦገስት ሲገባ ደወልኩላት።

«እርስዎ ጋ ቦታ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አልኳት።

«በመጀመሪያ አንቺ በዪኝ። አንቱታውን ስዊድን ጥዬው ነው የመጣሁት፤ እዚያ ሚኒስትሩንም አንተ ነው የሚሉት። ቦታ አለኝ። ግን መጀመሪያ ኢንስኩልኒንግ አለብን።»

«ምን አለብን?»

«አንቺና ልጁ አብራችሁ ትመጣላችሁ። አንቺ ትቀመጫለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«ልጁ በቃሽ እስኪልሽ።»

ስልኩን ዘግቼ ለባሌ «ሴትዮዋ እውነትም እብድ ናት» አልኩት። እሱም «ዴይኬር እኮ ልጁን ድሮፕ አድርገሽ የምትሄጂበት ነው፤ አብረሽ ልትመዘገቢ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ እንጂ ሌላ ቦታ አልነበረም። ያገኘነው ሁሉ የዓመት ወረፋ ያለው ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ልጄን ይዤ ከምንኖርበት ከኢስት ዮርክ በባስ ሄድኩ።

እኔ የማውቀው ልጅ ማስገባት ሌላ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን አባቴ እጄን ይዞ እስከ መምህሯ ጠረጴዛ ድረስ ወሰደኝና «ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ እንጂ ካጠፋች ይግረፏት» አለ። በጊዜው ይሄ አክብሮት ነው፤ መምህሯም ፈገግ ብላ ተቀበለችው። ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለና «ከረሜላ ገዝቼልሽ መጣሁ» አለኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቅሁት። ከረሜላው እስከ ዛሬ አልመጣም። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሆዱ ባባ ስለሆነ ነው የዋሸኝ፣ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አይችልም ነበር። እናቴም ጡት ስታስጥለኝ ሬት ተቀብታ «መረረ አይደል? በቃ ተበላሽቷል» ብላኛለች አሉ። በኛ ቤት ልጅን ከሚወደው ነገር መለየት ሁልጊዜ ትንሽ ማታለል አለበት። ያታለለው ሰው ደግሞ ዘወር ብሎ ያለቅሳል።

ስዊድኗ በሩን ከፈተችልኝና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከግድግዳው ጥግ ወዳለች ዝቅ ያለች የእንጨት ወንበር ጠቆመችኝ።

«ያንቺ ናት። ስልክ የለም። አታጫውቺው፣ አትጥሪው፣ አትከተዪው። እሱ ሲመጣ እቅፍ አድርጊው፣ ሲሄድ ልቀቂው። የቤት ዕቃ ሁኚ።»

የቤት ዕቃ ሆንኩ። ጉልበቴ አገጬ ሥር ገብቶ ተቀመጥኩ። ልጄ መጀመሪያ እግሬ መሀል ተወሸቀ። ቆይቶ አንገቱን አወጣ። ከዚያ አንዲት የሶማሌ ልጅ ስትገፋት ወደነበረች ቀይ መኪና ሄደ፣ ዞር ብሎ አየኝ፣ እንደገና ሄደ። ሲያየኝ ባለሁበት አለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ለዛሬ ይበቃል፤ እየጣፈጠው ሂዱ» አለችን። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ረዘም አለ፣ በሦስተኛው ምሳ በላን። እኔ ግን ሰዓት እቆጥራለሁ። ያላለቀ ወረቀት አለብኝ፣ የሚገዛ ነገር አለብኝ፣ እዚህ እንደ ጉቶ ተተክያለሁ።

አንድ ቀን ልጆቹ ሲተኙ፣ የኔው ብቻ ነቅቶ እግሬ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ስዊድኗ የታጠበ ልብስ ስታጥፍ «ይሄ ያንቺ ቃል ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ደስ አላት። ለካ ጠያቂ ነው ያጣችው።

«ኢን ወደ ውስጥ ማለት ነው። ስኩላ ትምህርት ቤት ነው። ኒንግ ደግሞ ግሡን ወደ ስም የምትቀይር ጅራት ናት። ስዊድኖች ቃል መስፋት ይወዳሉ፤ ሁለት ሦስቱን ገጣጥመው አንድ ረጅም ጨርቅ ያደርጉታል። ስትሰፊው ወደ ትምህርት ቤት ውስጥ ማስገባት ይሆናል። ማስገባት ስልሽ ግን እንደ ጆንያ መክተት አይደለም።»

«ድሮም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት?»

«ኧረ የድሮ አይደለም። እናቶች በብዛት ሥራ መውጣት ሲጀምሩ የመጣ ነው ብለው ነው ያስተማሩን። እነሱም በፊት በር ላይ እየጣሉ ይሄዱ ነበር አሉ፤ ልክ እንደኛ።» በረንዳዋ ላይ ወደተደረደሩት የቲማቲም ባልዲዎች አሳየችኝ። «ችግኝ የሚፈላበትን ቦታ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? ፕላንትስኩላ። የችግኝ ትምህርት ቤት። እነዚህን ቲማቲሞች ሜይ ላይ በአንዴ አውጥቼ ብተዋቸው ብርዱ ይፈጃቸው ነበር። ቀን እያወጣሁ፣ ማታ እያስገባሁ ነው ያላመድኳቸው።»

ማታ ይሄንን ለባሌ ነገርኩት። «ያው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ነዋ! ለዚህ ስዊድን ድረስ ምን አስኬዳት?» አለ። እኔ ግን ነገሩ ስለያዘኝ ባስ ውስጥ ስልኬ ላይ ስኩላ የሚለውን ቃል ፍለጋ ገባሁ። ከላቲን የመጣ ነው፣ የእንግሊዝኛውም ስኩል ወንድሙ ነው፤ ላቲኑ ደግሞ ከግሪክ። ግሪኮቹ ዘንድ መጀመሪያ ነገሩ ትምህርት አልነበረም። ትርፍ ጊዜ ማለት ነበር፣ ከሥራ ማረፍ። ያረፈ ሰው ቁጭ ብሎ ይነጋገራል፣ መነጋገሩ ትምህርት ሆነ፣ ከዚያ ቦታው በስሙ ተጠራ። ብቻዬን ሳቅሁ። የኔን የሒሳብ መምህር አለንጋ ያየ ማንም ሰው ትምህርት ቤትን እረፍት ብሎ አይጠራም። በሁለተኛው ሳምንት ግን፣ በዚያች ዝቅ ባለች ወንበር ላይ፣ ግሪኮቹ ምን ለማለት እንደፈለጉ ገባኝ። ካናዳ ከመጣሁ ወዲህ ማንም ከኔ ምንም ሳይጠብቅ የተቀመጥኩት እዚያ ብቻ ነው። ከኮሪደሩ የፊሊፒኖች ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ከላይ ፎቅ ሰው በኡርዱ ስልክ ያወራል፣ ቬንትሌተሩ አንገቱን ግራና ቀኝ ያዞራል፣ ልጄ መሬት ላይ ኩብ ይደረድራል። እኔ አየዋለሁ። ያን ያህል ረጅም ጊዜ ልጄን ብቻ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አላየሁትም። ያ ኦገስት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

የመጀመሪያው መለየት ቀን ደረሰ። ለትንሽ ጊዜ ወጥቼ ልመለስ ነው። ልጄ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀይዋን መኪና ከሶፋ ሥር ሊያወጣ ይታገላል። እኔ ምን አደረግሁ? ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከእናት ከአባቴ በወረስኩት ጥበብ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጣቶቼ እየተራመድኩ በሩን ቀስ አድርጌ ከፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩን ጨርሼ የሊፍቱን ቁልፍ ስጫን ከኋላዬ ሩጫ ሰማሁ። ስዊድኗ ናት፣ በካልሲዋ።

«ሌባ ነሽ እንዴ አንቺ?»

«እየተጫወተ ነው፣ ሳያየኝ ልሂድ ብዬ...»

«ሳያይሽማ ነው ችግሩ! ዞር ሲል ስትጠፊበት ነገ ዞር ይላል? አንገቱን እንኳ አያዞርም፣ አንቺን ሲጠብቅ ይውላል። ተመለሺና ቻው በዪው።»

«ያለቅሳላ!»

«ያልቅስ። ልቅሶው የራሱ ነው፣ ምን አገባሽ? በኔ ቤት ሾልኮ መውጣት የለም።»

አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ እያየችን ነበር። በገዛ ልጄ ጉዳይ ስሰደብ! ተመልሼ ገባሁ፣ ጎንበስ ብዬ «ማሚ ልትወጣ ነው። ብስኩት ስትበሉ እመጣለሁ» አልኩት። ጩኸቱ እስከ ሊፍቱ ድረስ ተከተለኝ። ሕንፃው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ ሴትዮዋንም ረገምኳት። ብስኩት ሲበሉ ተመለስኩ። ልጄ አየኝ፣ ብስኩቱን አየ፣ እንደገና አየኝ። ያልኩት ነገር መሆኑ የገረመው ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ መለያየቱ እየቀለለ መጣ፣ አንድ ነገር ግን አልሆነም። አይተኛም። ቀን ሌሎቹ ልጆች ፍራሻቸው ላይ ሲወድቁ እሱ ተነስቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ዓይኑ ይንከባለላል፣ አንገቱ ይወድቃል፣ እንደገና ቀና ይላል። ሊፍቱ ሲቆም ጆሮውን ያቆማል። ኮርሱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም፤ ስዊድኗ ደግሞ ያልተኛ ልጅ ሙሉ ቀን አልይዝም አለች። «ይሄ ያንቺ ነገር አይደለም። አንቺን አምኖሻል። ከዚህ በፊት ማን ነበር የሚጠብቀው?» አለችኝ።

«አማቴ።»

«እንዴት ሄዱ?»

ነገርኳት። አማቴ ልጁን ሊያሳድጉልን በጉብኝት ቪዛ መጥተው ዓመት ግድም ቆይተው ነበር። «እማማ» ነው የሚላቸው። አዝለውት ይውላሉ፣ አብረውት ይተኛሉ። ጁን ላይ የመመለሻቸው ቀን ሲደርስ አዋቂዎቹ ተማከርን። በረራው ማታ ነው፣ እሱ ከሰዓት ይተኛል፤ ተኝቶ ሳለ ይሂዱ ተባለ። እንዳይነቃ ብለው ጉንጩን ትተው የውስጥ እግሩን ስመው ወጡ። ሲነቃ አልጋ ሥር ፈለጋቸው፣ መታጠቢያ ቤት ፈለጋቸው፣ የቤት ጫማቸውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ሱቅ ሄዳለች፣ ትመጣለች» አልነው።

ውሸቱ አድራሻ ስለነበረው እሱ አመነ። ብሉር ጎዳና ላይ ያለው የአበሻ ሱቅ በገባን ቁጥር እጄን አስለቅቆ በሽሮና በበርበሬው መሀል ይሮጣል። «እማማ! እማማ!» ይላል። ሽንኩርት የሚመርጡ ትልልቅ ሴቶች ሁሉ ዞር ብለው «ወዬ፣ የኔ ጌታ» ይሉታል። አንድ በአንድ ያያቸዋል። ከዚያ ከባንኮኒው ኋላ ሄዶ ያያል። ባለሱቋ መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ ኋላ መሳቁን ተወች።

አማቴ ደግሞ በደወሉ ቁጥር «ይጠይቀኛል ወይ?» ይላሉ። ባሌ ሆዳቸው እንዳይባባ «ረስቶሻል እማዬ፣ ልጅ አይደል፣ ሲጫወት ነው የሚውለው» ይላቸዋል። «ይሁን፣ ይሻለዋል» ይላሉ። በምስል እንዳንደውል የከለከሉንም እሳቸው ናቸው፤ ካየኝ ይብስበታል ብለው።

ስዊድኗ ሰምታኝ ስትጨርስ ስታጥፈው የነበረውን ልብስ አስቀመጠች። «እንግዲህ ይሄ ልጅ የፈራው እንቅልፍን ነው። ከተኛ ሰው ይጠፋል። ንገሪው» አለችኝ።

«ምን ብዬ? የሁለት ዓመት ልጅ እኮ ነው!»

«እውነቱን። ከተቻለ እሳቸው ራሳቸው ይንገሩት።»

ባሌ አልተስማማም። «ቁስሉን ልትነካኪው ነው። ትንሽ ጊዜ ብንሰጠው ይረሳታል፤ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» አለኝ። «አንተ ርቀህ ረስተሃቸዋል?» አልኩት። ተነስቶ ወጣ። እሱ ከእናቱ በተለየ ቁጥር ፊቱ ድንጋይ ይሆናል፤ ለሳምንት ያህል ነገሩን አያነሳም፣ ሌላ ሰው ሲያነሳም ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

እሑድ ጠዋት፣ እዚያ አገር ቤት ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ መጀመሪያ ብቻዬን ማድ ቤት ገብቼ ደወልኩ።

«እማማ፣ አልረሳዎትም። ዋሽተንዎት ነው። ሱቅ ሄዳለች ብለነው በየሱቁ እየፈለገዎት ነው።»

ወንበር ሲስቡ ተሰማኝ።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ?» አሉ።

«አዎ።»

«ልጄን! እኔ እኮ ረሳኝ ብዬ አልቅሼ፣ እንዲያውም ትንሽ ተቀይሜው ነበር። ተመልከቺ እንግዲህ፣ ሕፃን ልጅ ስቀየም!» አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። «በይ አሳዪኝ። አሳዪኝ፣ እኔ እነግረዋለሁ።»

ስልኩን በምስል አድርጌ ልጄ ፊት ያዝኩት። ባሌ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃ ከፈተ። ልጄ ፊታቸውን አየ፣ ስልኩን ቀምቶ ገለበጠና ጀርባውን አየ። ከጀርባው ማንም የለም። እንደገና ፊታቸውን አየ።

«የኔ ጌታ» አሉት። «ሱቅ አይደለሁም። ቤቴ ነው ያለሁት። ይሄ አልጋዬ ነው። ይሄ በሬ ነው። በአውሮፕላን ነው የመጣሁት። አንተ ተኝተህ ነበር። ልቀሰቅስህና ቻው ልልህ ይገባኝ ነበር፣ አላደረግሁም። ይቅር በለኝ።»

እኔ ደነገጥኩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን የሚስማቸው ሴት ዳይፐር ያልተወን ልጅ ይቅርታ ሲጠይቁ ማየት ቀላል አይደለም። ልጄ ግን ነገሩን እንደ ተራ ነገር ወሰደው። «አውሮፕላን?» አለ።

«አዎ፣ አውሮፕላን።»

ወርዶ ሮጠ። የቤት ጫማቸውን ይዞ መጣና ስልኩ ላይ ለጠፈው፤ ምስሉ ጨለመ። «እማማ፣ ጫማ።»

«አየሁት፣ አየሁት። ረስቼው ነው። ሌላ አለኝ፣ ይኸው» ብለው እግራቸውን ወደ ካሜራው አነሱ። ልጁ በሳቅ ተንከተከተ። ከዚያ፣ ገና ጨዋታው ሳይያዝ፣ «ቻው እማማ» አለና ቀዩን ምልክት ራሱ ተጭኖ ዘጋባቸው። ስዊድኗ ቤት የተማረው ይሄንኑ ነው፤ የሚሄድ ሰው ቻው ይላል፣ ከዚያ ይሄዳል። ወዲያው መልሰው ደወሉ፣ እየሳቁም እያለቀሱም። «ዘጋብኝ እኮ! ይሄ ባለጌ፣ ዘጋብኝ!»

ሐሙስ ቀን ፍራሹ ላይ ሳይቃወም ተኛ። ስዊድኗ ፎቶውን ስትልክልኝ ባስ እየጠበቅሁ ነበር። አፉን ከፍቶ፣ አንድ እጁ ከፍራሹ ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ባሱ መጣ፣ ሰው ገባ፣ ሄደ። እኔ ፎቶውን አያለሁ። ማክሰኞ ኮርሴን ጀመርኩ።

ዛሬ ያ ሁሉ አልፏል። ስዊድኗ ልጇ አጠገብ ልሁን ብላ ወደ ምዕራቡ ካናዳ ሄዳለች፤ ስትሄድ በሁላችንም ቤት እየዞረች፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብላ ቻው ብላ ነው የሄደችው። እኔ አረጋውያን ቤት እሠራለሁ። እዚያም ቤተሰብ እናቱን አምጥቶ «ልብስሽን ይዤ መጣሁ» ብሎ ሲሾልክ ሳይ ኮሪደሩ ላይ ሮጬ እይዘዋለሁ። ባልደረቦቼ ነካ ያደርጋታል ይሉኛል። ቅር አይለኝም።

አማቴ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው እንደገና መጡ። በጋውን ከኛ ጋር ቆዩ። መሄጃቸው ሲደርስ ባሌ «ትምህርት ቤት ሳለ ብትሄጂ ይሻላል» ብሎ ጀመረ። እናቱ እጃቸውን አነሱ። «እኔ ሁለተኛ ከልጅ አልሸሽም። አብሮኝ ኤርፖርት ይሄዳል።» ሄድን። ልጁ ጋሪውን ገፋ፣ ሻንጣው ሲመዘን ቁጥሩን አነበበላቸው። ባሌ መግቢያው ላይ አውርዶን «መኪናውን ላቁምና መጣሁ» ብሎ ሄደ።

ጠበቅነው። ሰልፉ ቀነሰ፣ ደወልኩለት፣ ቦታ የለም አለኝ። እንደገና ደወልኩ፣ አላነሳም። እናቱ መንገዱን አንድ ጊዜ አዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ተይው፣ አትጥሪው። ከልጅነቱም እንዲህ ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «እኔው ያስለመድኩት ነው» አሉ። ከዚያ ልጁ ፊት ተንበረከኩ። ቻው ተባባሉ። እሱ አንገታቸውን አንቆ፣ ሰው እስኪያየን ድረስ አለቀሰ፤ እሳቸውም አለቀሱ። የፍተሻው በር ላይ ዞር ብለው እጃቸውን አነሱለት፣ እሱም አነሳ፣ እስኪጠፉ። ባሌን ያገኘነው መኪናው ውስጥ ነው፣ ሞተሩን ሳያጠፋ። ከፊቱ ባዶ ማቆሚያ ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። የእድራችን ሰዎች ናቸው፣ አምስት ስድስት ሆነው፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በዝምታ ገቡ። ባሌ ፊታቸውን ሲያይ ማንም ሳይናገር ገባው። «እናቴ ናት?» አለ። አንደኛው ሽማግሌ ትከሻውን ያዙት። ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠና፣ ይሄን ያህል ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አወጣ።

አንዲት እናት ወደኔ ጠጋ ብለው «ልጁ አሁን እንዳይሰማ። ሰኞ ትምህርት የለበትም ወይ? ሳምንቱ ይለፈውና ቀስ ተብሎ ይነገረዋል» አሉኝ። ለልጁ ብለው ነው፣ አውቃለሁ። «እሺ እናቴ» አልኳቸው፣ ወደ ልጄ ክፍልም ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቀሰቀስኩት።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ መንገድ ላይ እጄን አይዝም። አልጋው ላይ ተቀምጬ «እማማ ሞታለች። አሁን ነው የነገሩን» አልኩት። መጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ደረቴ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ ረጅም ጊዜ። አልከለከልኩትም።

ሲበቃው ቀና አለና አፍንጫውን በፒጃማው እጅጌ ጠረገ።

«እኔ ግን ኤርፖርት ላይ ባይ ብያታለሁ» አለ፣ ሁለቱን ቋንቋ እንደ ልማዱ ቀላቅሎ።

«አዎ፣ ብለሃታል።»

ከሳሎን የአባቱ ድምፅ ይሰማል። ሰዎቹ «በቃ፣ በቃ» ይሉታል፣ እሱ አያቆምም። ልጄ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠ።

«ዳዲ ግን መኪና ሊያቆም ሄዶ ነበር» አለ።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገፎ ተነሳና፣ በባዶ እግሩ፣ በሽማግሌዎቹ መሀል አልፎ ወደ አባቱ ሄደ።